የተገዘተው ሣር

መመሪያው ተለወጠ በተባለ ዕለት፣ ደብረ ታቦር የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው የግብርና ልማት ሠራተኞች መካከል በላብ የተጠመቅሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ወሩ የካቲት ነው፤ የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሰው ሁሉ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቧል። ከፊታችን የቆመው ባለሙያ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ ለአየር ንብረት ተስማሚ ለሆነ እርሻ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እንደማይቋረጥ፣ አሠራሩ ግን እንደተቀየረ ነገረን። እስከዚያ ቀን ድረስ ድጋፉን የሚያገኘው ተራራውን ከከብትም ከማጭድም ጠብቆ የዘጋ መንደር ነበር። ከእንግዲህ ዝም ብሎ የተዘጋ መሬት አይቆጠርም። ሣሩ ታጭዶ፣ ከብቱ ደጅ ታስሮ ሲመገብ መታየት አለበት። አይተው የሚያረጋግጡ ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ በየቀበሌው ይዞራሉ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ።

እጄን አወጣሁ። «ሣሩን ማጨድ የማይቻል ከሆነስ?»

«ለምን አይቻልም? ማጭድ የላችሁም?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ምክንያቱን እንዳልናገር ምክንያቱ እኔው ነበርሁ።

የምሠራበት ቀበሌ ከጉና ሥር ነው፤ ገብስና ድንች የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት ብርዳም አገር። ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ እኔ ስመደብ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ አጥንቱ ቀርቶ ነበር። ድጋፉ ሲመጣ ተራራው በድንጋይ ካብ ተከለለ፤ መንደሩም ተራራውን ከጠበቀ ምርጥ ዘር፣ ለጎመዘዘው መሬት ኖራ፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ በጎች ያገኛል ተባለ። የመጀመሪያው መመሪያ ጥብቅ ነበር፤ አንድ የከብት ኮቴ ወይም አንድ የማጭድ ፈለግ ከተገኘ መንደሩ ከዝርዝር ይወጣል።

ሰው በአፉ እሺ አለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ካቡን እየዞርሁ ሳይ ግን እዚህም እዚያም የአልጋ ስፋት ያህል የታጨደ አገኛለሁ። ማን እንዳጨደው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቅልኛል፣ ሁሉም አብሮኝ ያዝናል። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እኔ የማለቅሰው ስናደድ ነው፤ የሚያየኝ ሰው ያዘንሁ መስሎት ያባብለኛል፣ ያን ጊዜ ይብስብኛል።

ግዝት ትዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። በእኛ አገር የደብሩ ቄስ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መስቀሉን ይዞ ቆሞ አንድን ነገር ከገዘተ፣ ዘበኛም ፖሊስም አያስፈልግም። የጎረቤቱን ዶሮ የወሰደ ሰው ሳይታይ አምጥቶ ይለቃታል። እኔም ወደ ደብሩ አዛውንት ቄስ ሄጄ፣ «አባ፣ ሕዝቡ ተራራው ይገዘትልን ብሎ ለምኗል» አልኋቸው። ሕዝቡ ምንም አልለመነም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ተመልሼ፣ «አባታችን ተራራው ይገዘት ብለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ናት ያዘዘችው» አልሁ። እሳቸውም ምንም አላዘዙም። ቄስን «እውነት አዘዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ፣ ቄሱም ምእመኑን «እውነት ለምናችኋል?» ብለው እንደማይመረምሩ አውቅ ነበር። እንዲህ ባለ ደብር ሥር አድጌ እንዴት አላውቅም።

አባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ከብቱ ይሁን፤ ማጭዱም ይገዘት ነው የምትይ?»

«ማጭዱም ይገዘት፣ አባ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አነሡ። ከብት ያስገባ፣ ማጭድ ያሳረፈ፣ ሲያደርግ አይቶ የደበቀ፣ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከተራራው አንዲት ሰበዝ አልተነቀለችም። እኔም በሪፖርቴ «የኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል» ብዬ ጻፍሁ፤ ለዚህም የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን ኪራይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር።

ከካቡ ሥር የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ቤት ነው። ልጆቻቸው አግብተው ርቀው ሄደዋል። አንዲት ላም ነበረቻቸው፤ ከተራራው ጋር የተያያዘች የግጦሽ ቁራጭም ነበረቻቸው። ተራራው ሲከለል የካቡ መስመር እንዳይጎብጥ ብዬ ያችን ቁራጭ እንዲጨምሩ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። «ሁለት ዓመት ብቻ ይታገሡ፤ ከዚያ በጉም ሣሩም ደጅዎ ይመጣል» አልኋቸው። «አንቺ ካልሽ ይሁን» ብለው ሰጡኝ። እሳቸውን የማነሣው ዝም ብዬ አይደለም፤ የዚህ ሁሉ ነገር ዕዳ የወደቀው እሳቸው ላይ ስለሆነ ነው።

ከስብሰባው የተመለስሁ ዕለት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ በደጃቸው ሳልፍ መሰላል አስደግፈው የማድቤታቸውን ክዳን እየመዘዙ አገኘኋቸው። ጥላሸት የጠጣውን አሮጌ ሣር እያራገፉ ለላሟ ይጥሉላታል፤ እሷም ትበላዋለች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ሆዷ ግን ገፍቷል፣ እርጉዝ ናት።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ! ገብሱን በረዶ መታው፣ ጭድ ከየት ይምጣ? ማድቤቱ ለክረምት ይደረስበታል፤ እሷ ግን ክረምትን አትጠብቀኝም።»

ከእሳቸው ጀርባ፣ ከካቡ ወዲያ፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ዓይኔ ወደዚያ ሄደ። እሳቸው አላዩትም፤ ማየቱን ከተዉት ቆይተዋል መሰለኝ።

«እስከ ዓርብ ካልተገኘላት ቅዳሜ ገበያ አወጣታለሁ» አሉ። «ስትወድቅ ከማይ በቁሟ ትሂድ።»

«አይቸኩሉ። አንድ ነገር ይገኛል።»

«ምን ይገኛል?»

«ይገኛል፣ እናቴ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሣሩ ካልታጨደ መንደሩ ከዝርዝር ይወጣል፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ላሟ ግን ከቅዳሜ አታልፍም። ግዝቱ ከቅዳሜ በፊት መፈታት ነበረበት።

ማክሰኞ በማለዳ ወደ ደብሩ ሄድሁ። አባ በዚያ ሰሞን ብርዱ ደረታቸውን ስላመማቸው ይፋግ ልጃቸው ዘንድ ወርደዋል፤ በቦታቸው አንድ ወጣት ቄስ ነበሩ። ጉዳዩን ስነግራቸው፣ ማታለሌን ደብቄ ነው የነገርኋቸው፣ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አባታችን ያሰሩትን እኔ ልፈታ? እሳቸው በሕይወት እያሉ? ምን ነካሽ እቴ!»

ረቡዕ አባ ዘንድ ይፋግ ልወርድ ስል መንገድ ተዘግቷል ተባለና መኪና ጠፋ። ያን ቀን ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አላውቅም፤ የመጣልኝን ሰው ሁሉ ተቆጣሁ፤ ስለ ድንች በሽታ ሊጠይቀኝ የመጣን ገበሬ ሳይቀር። ሐሙስ በሌሊት ተነሥቼ ሚኒባስ ያዝሁ፣ ወረታ ላይ ሌላ ቀየርሁ፣ ከረፋዱ ይፋግ ደረስሁ። ሹራቤን አውልቄ በክንዴ ያዝሁት፤ ከጉና ብርድ ለወረደ ሰው እዚያ ያለው ሙቀት ያፍናል።

አባ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር በጠፍር አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ከስተዋል። መስቀል ተሳለምሁ፣ ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፣ ስለ መንገዱ ተነጋገርን። ከዚያ ግዝቱ እንዲፈታ እንደምፈልግ ነገርኋቸው።

«ሕዝቡ ለምኖ አሳሰረ፤ አሁን ደግሞ ለምኖ ያስፈታል?» አሉ።

አዎ ብል ያልቅ ነበር። አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ግን ሳል ይዟቸው በክርናቸው ተደግፈው ሲንገላቱ አየኋቸውና ተውሁት።

«ሕዝቡ አልለመነም ነበር፣ አባ።»

«እንዴት?»

«እኔ ነኝ የፈለግሁት። ለአንቱ ሕዝቡ ለመነ አልሁ። ለሕዝቡ አንቱ አዘዙ አልሁ።»

ከግቢው ውጭ የጭነት መኪና አለፈ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፦ «መስቀሌን በውሸት አስነሣሽው። እኔ ደሞ ለሣር ብዬ ስንቱን ነፍስ አሰርሁ።»

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«አንቺን መፍታት ቀላል ነው። ተራራውንም እፈታዋለሁ፤ ለቄሱ በስልክ እነግራቸዋለሁ፣ በእኔ ቃል ይፍቱት። ግን መጀመሪያ አንቺ ትናገሪያለሽ። ያኔ ግዝቱ የተባለበት ደጃፍ ላይ ቆመሽ፣ ለእኔ ያልሽኝን ለሁሉም ትያለሽ። ሰው በማን ቃል እንደታሰረ ሳያውቅ አይፈታም።»

«ካልተናገርሁስ?»

«እንደታሰረ ይቀራላ!»

እዚያው ስልካቸውን አስመጥተው ለወጣቱ ቄስ ደወሉ፤ ይፋግ በሙሉ የሚሰማው ጩኸት ጮኹበት። ምን እንደምናገር አልነገሯቸውም፤ ልጅቱ ስትናገር ፍታው፣ ካልተናገረች ተወው፣ ብቻ አሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ሰው ይሰበሰባል። ነገ ተናገሪው።»

በመመለሻው መንገድ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። የማዘጋጀው ሁሉ ግን ሪፖርት እየሆነ አስቸገረኝ። «በተፈጠረው የመረጃ ክፍተት» ብዬ እጀምርና ራሴን እታዘባለሁ። የፈራሁት ዱላ አይደለም፤ የሚመታኝ ሰው የለም። የፈራሁት ከዚያ በኋላ ስለ ኖራውም፣ ስለ ዘሩም፣ ስለ ማሳውም የምናገረውን ማንም እንዳያምነኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጭቃ የረገጥሁት ሰው እንዲያምነኝ ነበር። ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ ልደብቀው አይገባም፤ ወረዳ ድረስ ተሰምቶ ከሥራ እንዳልባረር።

ዓርብ ደጀ ሰላሙ በሰው ሞልቷል። ከሴቶች መካከል ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምሁ። እኚያ እናት ከፊቴ ቅጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ጸሎቱ አልቆ ወጣቱ ቄስ ወደ ደጃፉ ወጡና ሕዝቡን ቃኙ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«የሚናገር ሰው አለ?» አሉ።

የነጠላዬን ጥለት ማስተካከል ጀመርሁ፤ የተስተካከለውን ደግሜ አስተካከልሁ። እሳቸው ጠበቁ። ሰዎች ዞር ዞር ብለው ተያዩ። እኔ በልቤ እሑድ ብዙ ሰው ይመጣል፣ እሑድ ይሻላል፣ ጎብኚዎቹ የሚመጡት ማክሰኞ ነው፣ ሰኞ ቢታጨድ ይደርሳል እያልሁ ነበር። ላሟን ረስቼ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልረሳኋትም። እስከ እሑድ ትቆይ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ራሴም አመነኝ። ወጣቱ ቄስ እንግዲያው በሰላም ግቡ ብለው ሕዝቡን አሰናበቱ።

ቅዳሜ እዚያ ቤት ስደርስ ደጁ ባዶ ነው። ጎረቤታቸው ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ነድተዋት እንደሄዱ ነገረችኝ። ቁልቁል ሮጥሁ፤ ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ ግማሹን በሩጫ ግማሹን በእንባ ሄድሁት። ከተማው መግቢያ ላይ ሲመለሱ አገኘኋቸው፤ ዱላቸውን ይዘው ብቻቸውን ዳገቱን ይወጣሉ።

«ሸጥኋት» አሉኝ፤ ሳልጠይቃቸው። «የሐሙሲት ነጋዴ ነው፤ መኪና ላይ ሲጭናት አይቼ መጣሁ።»

«እናቴ፣ አንድ ቀን ቢጠብቁ…»

«ምን ልጠብቅ? ክዳኑም አለቀ። ሣሩ እንደሁ እግዜር የከለከለው ነው፤ ምን ይደረጋል? ይልቅ አንቺ ምነው እንዲህ አላበሽ? ብርድ ይመታሻል።» ብለው ከትከሻቸው ኩታቸውን ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ሰደዱ።

ያን ጊዜ እዚያው መንገድ ላይ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ኩታውን አልፈልግም አልሁና ዳገቱን አብሬያቸው ወጣሁ፤ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩኝ እህ እያልሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ደጃፉ ወጣሁ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ጥሩ ሆነ። «ተራራው እንዲገዘት ያዘዘች ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። አባም አላዘዙም። እኔ ነኝ። እሳቸውን እናንተ ለመናችሁ ብዬ አታለልኋቸው፣ እናንተን እሳቸው አዘዙ ብዬ አታለልኋችሁ» አልሁ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። አንድ አዛውንት፣ «እኛ ያንን ሁሉ አሜን ያልነው ለዚች ነው?» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። እኚያን እናት በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ መሬት መሬት እያዩ ነበር፣ አልተንቀሳቀሱም። ወጣቱ ቄስ መስቀሉን አንሥተው በአባ ቃል ፈቱ። አሜን ተባለ፤ ከዚያኛው አሜን አነስ ያለ።

ሰኞ መንደሩ በሙሉ ማጭድ ይዞ ወጣ። እየተቀላለዱ፣ በእኔም እየቀለዱ፣ ካቡን አልፈው ሲገቡ ሁለት ዓመት የቆመ ሣር በግማሽ ቀን ተኛ። እኚያ እናት አልወጡም። ማክሰኞ ጎብኚዎቹ መጡ፤ በየደጁ የታሰረውን ከብትና የተከመረውን ድርቆሽ ፎቶ አነሡ፤ ደስ አላቸው። አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በዚህ አጭር ጊዜ ሕዝቡን እንዴት እንዳስተባበርሁት ጠየቀኝ። «ሕዝቡ ተባባሪ ነው» አልሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ የምስጋና ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጥሁት።

መንደራችን ከዝርዝሩ ሳይወጣ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ የበጎቹ ቅጽ መጣ፤ እሱም ካለፈው መመሪያ የተለየ ነበር። በግ የሚቀበል ሰው የግጦሽ ቁራጩ ላይ፣ ካቡ ውስጥ የገባችም ብትሆን፣ የመኖ ሣር ይዘራል፣ ሁለት ዓመትም ከብት አያስገባበትም ይላል። ሁለት ዓመት የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት። የሌላውን ሰው ቅጽ ሁሉ አስፈርሜ የእኚያን እናት ለመጨረሻ አቆየሁት፤ አንድ ሳምንት በቦርሳዬ ይዤው ዞርሁ።

ስሄድ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ግቢ አሉኝ፣ መቀመጫ ሰጡኝ። ቅጹን አንብቤ ጨረስሁላቸው። ምስራቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ይሄንንስ ያለው ማነው?»

ልደበቅባቸው የምችል ትልልቅ ስሞች ሁሉ በአፌ መጡ፤ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ፕሮግራሙ።

«የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። «የዛሬ ዓመት ሊለውጡት ይችላሉ። ቢለውጡት ምን እንደማደርግ አላውቅም። በጉ ይመጣል ይላሉ፤ እስኪመጣ እኔም አላምንም። እምቢ ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም፤ እግዜርም በዚህ ውስጥ የለበትም።»

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ፣ ወረቀቱም ላይ ጫኑ፣ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ።

«ያኔም እንዲህ ብለሽ ነግረሽኝ ቢሆን» አሉኝ፤ «ካቡን ዘልዬ ገብቼ አጭድላት ነበር።»